አዲስ አበባ ላይ ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ

ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ነው። ጋቢ ደርቤ የወንድሜ መኪና ውስጥ ተቀምጫለሁ። ሞተሩ አልተነሣም፤ ቁልፉ ብቻ ነው የተከፈተው። ስልኬ ላይ ሦስት ቁጥሮች ይታያሉ። የሞተር ውኃ ሙቀት 13 ዲግሪ። ወደ ሞተሩ የሚገባው አየር 14 ዲግሪ። የካምቢዮ ዘይት ደግሞ ከዜሮ በታች 40።

ዓይኔን አሸት አድርጌ እንደገና አየሁ። ያው ነው። ከዜሮ በታች 40!

ኅዳር ነው፣ ብርድ አለ፣ አልክድም። ግን የአዲስ አበባ ብርድ እኮ ነው! አንድ ግቢ ውስጥ ያደረች አንዲት መኪና ሞተሯ አዲስ አበባ፣ ካምቢዮዋ ሳይቤሪያ ሊያድር አይችልም። ሦስቱም ቁጥሮች ተቀራራቢ መሆን ነበረባቸው። ስለዚህ ከሦስቱ አንዱ ይዋሻል ማለት ነው። ጥያቄው ማን ነው የሚዋሸው፣ ለምንስ ይዋሻል የሚለው ነው። ይህን ጥያቄ በትክክል ባለመጠየቃችን የእናታችንን የዕቁብ ገንዘብ ልንበላው ምንም አልቀረንም ነበር።

«ካምቢዮው አልቋል»

ነገሩ የጀመረው ከዚያ በፊት በነበረው ቅዳሜ ነው። ታናሽ ወንድሜ በአፕ የሚጠራ ታክሲ ይሠራል። መኪናዋ የጃፓን ሥሪት፣ አውቶማቲክ፣ ባለ 4 ማርሽ፣ ዕድሜዋም ከ15 ዓመት ያለፈ ናት። የቤታችን አስቤዛ የሚወጣው ከእሷ ነው። የዚያን ዕለት ተሳፋሪ ይዞ በፈጣን መንገዱ አዳማ ወረደ፤ እንደደረሰ ደወለልኝ።

«አንተ፣ ይቺ መኪና አብዳለች። መቶ ላይ ስደርስ ትጮሃለች። አራተኛ ማርሽ አትገባም በቃ። የሞተሩ ዙር አራት ሺህ ሊሞላ ምንም አይቀረው። ቼክ ኢንጂኑም በርቷል።»

«ቀስ ብለህ ተመለስ» አልኩት። ሌላ ምን እላለሁ?

ሰኞ አንድ ጋራዥ ወሰዳት። መካኒኩ ነድቶ አያት፤ እውነትም አራተኛ አትገባም። ኮድ የሚያነብበትን መሣሪያ ሰክቶ አየ፤ «የካምቢዮ ኮድ ነው» አለ። ከዚያ ፍርዱ መጣ። ካምቢዮው አልቋል፤ ወይ ወርዶ ይታደስ፣ ወይ ያገለገለ ካምቢዮ ፈልጉ። ዋጋውን ሲነግረው ወንድሜ መልስ አልነበረውም። ማታ ቤት ሲመጣ ራቱን ሳይበላ ቁጭ አለ።

እናታችን ቡና እያፈላች ሁሉንም ትሰማለች። ረከቦቱ ላይ ሲኒዋን አስቀመጠችና፣ «በሚቀጥለው ወር ዕቁቤ ይደርሰኛል። ውሰዱት» አለችን። ያ ዕቁብ ለምን እንደተጣለ ሁለታችንም እናውቃለን። ያለፈው ክረምት ጣራው እያፈሰሰ ባልዲ ስናዘዋውር ነው ያሳለፍነው። ዘንድሮ ክረምት ሳይገባ ቆርቆሮው ሊቀየር ነበር።

«እስቲ ቆይ እማዬ» አልኳት። ለምን እንዳልኩ እኔም በደንብ አላውቅም። ቴክኖሎጂ እወዳለሁ፣ ስልኬ ላይ ያልጫንኩት አፕ የለም። ከወራት በፊት የገዛኋት ከመኪና ኮምፒውተር ጋር በብሉቱዝ የምታወራ ትንሽ መሣሪያ መሳቢያ ውስጥ ነበረች። ኢ.ኤል.ኤም 327 ይሏታል። እሷን አወጣሁ።

ስልካችሁ ውስጥም አለች

ወደ ኮዱ ከመሄዳችን በፊት ይቺ የምትዋሽ ነገር ምን እንደሆነች እንተዋወቅ።

ስልካችሁን ፀሐይ ላይ ትታችሁት «በጣም ሞቋል፣ ቻርጅ ማድረግ ቆሟል» ብሏችሁ ያውቃል? ስልኩ መሞቁን በምን አወቀ? ባትሪው አጠገብ ቴርሚስተር የምትባል ኢምንት ዕቃ አለች። ሲቀዘቅዝ ኤሌክትሪክ ለማሳለፍ ትለግማለች፤ ሲሞቃት ትለቃለች። ስልኩ «አሁን ምን ያህል ለገመች?» ብሎ ይለካና ሙቀቱን ያሰላል። እንግሊዛዊው ሳይንቲስት ማይክል ፋራዴይ እ.ኤ.አ. በ1833 ብር ሰልፋይድ የተባለው ውሁድ ሲሞቅ ኤሌክትሪክን በተሻለ እንደሚያሳልፍ አስተውሎ ነበር። ያኔ ብዙዎቹ ብረቶች የዚህ ተቃራኒ እንደሆኑ ይታወቅ ስለነበር ነገሩ ገርሞታል። ዛሬ ያቺ ባሕርይ ኪሳችሁ ውስጥ ናት።

አውቶማቲክ ካምቢዮ ውስጥም ያው ቴርሚስተር ዘይት ውስጥ ተነክራ ትቀመጣለች። የመኪናው ኮምፒውተር ወደ እሷ 5 ቮልት ይልካል፤ ከዚያ ምን ያህሉ እንደቀረ ያያል። ዘይቱ ሲሞቅ እሷ ብዙ ታሳልፋለች፣ ቮልቱ ይወርዳል። ዘይቱ ሲቀዘቅዝ ትለግማለች፣ ቮልቱ ከፍ ይላል።

ኮምፒውተሩ ይህን ለምን ይፈልጋል? የካምቢዮ ዘይት ማለስለሻ ብቻ አይደለም። ማርሽ የሚቀየረው በዘይቱ ግፊት ነው። ቀዝቃዛ ዘይት ወፍራም ነው፣ ሙቅ ዘይት ቀጭን ነው። ኮምፒውተሩ የዘይቱን ሙቀት ካላወቀ መቼ እና በምን ያህል ግፊት ማርሽ እንደሚቀይር እርግጠኛ አይሆንም። እርግጠኛ ካልሆነ ደግሞ ይጠነቀቃል። የእኛ መኪና ዓይነት ላይ የሴንሰሩ ምልክት ሲጠፋ ኮምፒውተሩ ካምቢዮውን ለመጠበቅ ሲል የመጨረሻውን ማርሽ ይከለክላል።

ልብ በሉ! አራተኛ ማርሽ አልገባ ያለው ማርሹ ስላለቀ ሳይሆን ኮምፒውተሩ ስለፈራ ሊሆን ይችላል። ለነጂው ግን ሁለቱም አንድ ዓይነት ነው የሚሰማው። መካኒኩም ነድቶ ያየው እውነት ነው፤ ካየው ላይ ተነሥቶ የደረሰበት ድምዳሜ ነው የተሳሳተው።

አምስቱ ኮዶች

መሣሪያዋን ከመሪው ሥር ያለው ባለ 16 ቀዳዳ ሶኬት ላይ ሰካኋትና አፑን ከፈትኩ። የወጣው ኮድ ፒ 0713 ነው። የዚህ ሴንሰር ቤተሰብ አምስት ኮዶች አሉት፤ ብታውቋቸው አይጎዳችሁም፤

ፒ 0710 በሴንሰሩ መስመር ላይ ችግር አለ ይላል፤ ጥቅል ነው።

ፒ 0711 ቁጥር ይመጣል፣ ግን አይታመንም ማለት ነው። ለምሳሌ መኪናው ብዙ ተነድቶም ሙቀቱ ካልተንቀሳቀሰ።

ፒ 0712 ቮልቱ ከልክ በላይ ወርዷል ማለት ነው። ብዙ ጊዜ ሽቦ ተልጦ የሆነ ቦታ ተነካክቷል። ኮምፒውተሩ ዘይቱ የተቃጠለ ይመስለዋል፤ 150 ዲግሪ ምናምን ያሳያል።

ፒ 0713 የዚያ ተቃራኒ ነው። ቮልቱ ከልክ በላይ ከፍ ብሏል። ብዙ ጊዜ መስመሩ የሆነ ቦታ ተቆርጧል፤ 5 ቮልቱ መሄጃ አጥቶ እዚያው ይቆማል። ኮምፒውተሩም «እንዲህ የለገመችው መቼም ብርድ ሊገድላት ነው» ብሎ ከዜሮ በታች 40 ያሳያል።

ፒ 0714 አንዴ ይመጣል፣ አንዴ ይጠፋል ማለት ነው።

አያችሁ፣ ያቺ ከዜሮ በታች 40 የመለኪያው መጨረሻ ናት። የስልክ ኔትወርክ ሲጠፋ «ደንበኛውን ማግኘት አልተቻለም» እንደሚባለው ነው። ደንበኛው ሞቷል ማለት አይደለም። ከእሱ ምንም አልተሰማም ነው።

የእኔ ስሕተት

እዚህ ላይ ብልጥ የሆንኩ መስሎኝ ነበር። ኮዱ የሚያወራው ስለ ሙቀት ሴንሰር ነው፤ ስለዚህ የተበላሸው ሴንሰሩ ነው አልኩ። ለወንድሜ ደውዬ፣ «ካምቢዮው ደህና ነው! ሴንሰር ነው! አበቃ!» አልኩት። በዚያው ቀን መርካቶ፣ ሶማሌ ተራ ሄድኩ። ሱቅ በሱቅ ስጠይቅ ውዬ ያገለገለ ሴንሰር ከነገመዱ አገኘሁ። ተከራክሬ ገዛሁት። ገንዘቡ ለካምቢዮ ከተጠየቅነው አንጻር ምንም ነው፤ ደስ ብሎኝ ተመለስኩ።

ስሕተቴ ምን ነበር? ኮዱን ስተረጉመው አንድ ቃል ዋጥኩ። ከአምስቱ ኮዶች አንዱም «ሴንሰሩ ተበላሽቷል» አይልም። የሚሉት «የሴንሰሩ መስመር» ነው። መስመሩ ላይ ሴንሰሩ አለ፣ ከሴንሰሩ የሚወጣው ሽቦ አለ፣ ካምቢዮው ላይ ያለው ሶኬት አለ፣ ከሶኬቱ እስከ ኮምፒውተሩ የሚሄደው ሽቦ አለ፣ መጨረሻ ላይ ራሱ ኮምፒውተሩ አለ። ኮዱ ጥፋቱ በዚህ ሰፈር ነው አለኝ እንጂ የቤት ቁጥር አልሰጠኝም። እኔ ግን ያገኘሁትን የመጀመሪያ በር አንኳኳሁ።

በነገራችን ላይ መካኒኩም ያደረገው ይህንኑ ነው። እሱ የካምቢዮ ኮድ ሲያይ ካምቢዮውን ከሰሰ፤ እኔ የሴንሰር ኮድ ሳይ ሴንሰሩን ከሰስኩ። ልዩነታችን የእኔ ስሕተት በዋጋ ርካሽ መሆኑ ብቻ ነው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ማለት ይኸው ነው።

ሴንሰሩን ለመቀየር ደግሞ የካምቢዮው ዘይት መፍሰስ፣ የታችኛው ክዳን መፈታት አለበት። በእኛ መኪና ሴንሰሩ ያለው ውስጥ ነው። ይህ የእኔ ሥራ አይደለም። ስለዚህ ጓደኛዬ የጠቆመኝ አንድ የቆዩ የመኪና ኤሌትሪሺያን ዘንድ ለመሄድ ተነሣሁ። ቄራ አካባቢ በቆርቆሮ የተሠራች ጥላ ሥር ነው የሚሠሩት። ስልክ ደወልኩላቸው። ነገሩን ከሰሙ በኋላ አንድ ነገር ብቻ አዘዙኝ፤ «ሌሊቱን ትደር። ጠዋት ሳትነሣ ሙቀቷን አንብበህ ፎቶ አንሣውና ና።»

እናም በመጀመሪያ የነገርኳችሁ የጠዋቱ ትዕይንት ይኸው ነው። 13፣ 14፣ ከዜሮ በታች 40። ስክሪን ሾት አነሣሁ። ወንድሜን ቀሰቀስኩትና ሄድን።

ቄራ፣ ቆርቆሮው ጥላ ሥር

«ጋሼ፣ ሴንሰሩን ገዝቼ ይዣለሁ» አልኳቸው ገና ከመኪና ስወርድ።

«ዕቃ የሚገዛው ከምርመራ በፊት ነው እንዴ የእኔ ልጅ?» አሉኝ እየሳቁ። ሴንሰሩን ተቀብለው ሳያዩት ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። ስልኬን አዩ፤ «ጎሽ፣ ይቺ ናት የምትጠቅመን» አሉ።

ኮፈኑን ከፈቱ። በመጀመሪያ የካምቢዮውን ዘይት በዲፕስቲኳ አዩ። በነጭ ጨርቅ ጠረጉና ለወንድሜ አሳዩት፤ «ሽተተው።» ቀላ ያለ ነው፣ የተቃጠለ ሽታ የለውም። «ያለቀ ካምቢዮ ዘይቱ ይጠቁራል፤ እንደ ተቃጠለ ነገር ይሸታል። ይህ ዘይት የሚናገረው ሌላ ነው።» ወንድሜ ከሰኞ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲተነፍስ ሰማሁት።

ቀጥለው ባትሪውን ፈቱና ማስቀመጫውን አነሱ፤ ከሥሩ የካምቢዮው ሶኬት ታየ። ባትሪውን ወለል ላይ አድርገው በረጅም ገመድ መልሰው አገናኙት፤ ስልኬ እንደገና ማንበብ ጀመረ። ሶኬቱን ነቀሉና፣ «ስልክህ ምን ይላል?» አሉኝ።

«ያው ነው ጋሼ፣ ከዜሮ በታች 40።»

«አየህ፣ ስነቅለው ካልተለወጠ ድሮም የተነቀለ ያህል ነበር ማለት ነው።»

ከዚያ አጭር ሽቦ አወጡ። የሽቦዎቹን ንድፍ ስልካቸው ላይ አይተው፣ ከኮምፒውተሩ በኩል ከመጣው ሶኬት የሴንሰሩን ሁለት ቀዳዳዎች ብቻ ለይተው በሽቦዋ አገናኟቸው።

ስልኬ ላይ ቁጥሩ ዘለለ። 150!

«ጋሼ! 150 አለ!» ብዬ ጮህኩ።

«አትጩህ፣ እንዲህ እንዲል ነው ያደረግኩት» አሉ። ገባኝ። መስመሩን በአጭሩ ሲያገናኙት ቮልቱ ወረደ፤ ኮምፒውተሩ በጣም የሞቀ መሰለው። ስለዚህ ኮምፒውተሩ ይሰማል። ከኮምፒውተሩ እስከዚህ ያለው ሽቦም ደህና ነው። ተጠርጣሪዎቹ በአንድ ደቂቃ በግማሽ ቀነሱ።

«በል አሁን ያንተን ተከሳሽ እንጠይቀው» አሉና ቴስተራቸውን ካምቢዮው በኩል ባሉት ሁለት ፒኖች ላይ አደረጉ። የመኪናችን አምራች የጥገና መመሪያ በ10 ዲግሪ ከ5 እስከ 8 ኪሎ ኦም፣ በ25 ዲግሪ ከ2.5 እስከ 4.5 ኪሎ ኦም፣ በ110 ዲግሪ ደግሞ ከ0.22 እስከ 0.28 ኪሎ ኦም መሆን አለበት ይላል። ጠዋት ነው፤ ከቤት እስከ ቄራ ያለው መንገድ አጭር ስለሆነ ካምቢዮው ገና በደንብ አልሞቀም። ቴስተሩ 3.6 ኪሎ ኦም አለ።

ሴንሰሩ ጤነኛ ነው። ምንም አልሆነም።

ያኔ ጠረጴዛው ላይ ያስቀመጡትን የእኔን ግዢ አነሱና ለኩት። ቴስተሩ ምንም አላለም። ውስጡ የተቆረጠ ነው። ያ ተከራክሬ የገዛሁት ሴንሰር የሞተ ነበር!

አሁን አስቡት። ይህ ሰውዬ ባይኖሩ ምን እናደርግ ነበር? ዘይቱን አፍስሰን፣ ጤነኛውን ሴንሰር አውጥተን፣ የሞተውን እንከት ነበር። ሞተር ስናስነሣ ያው ከዜሮ በታች 40፤ ያው ፒ 0713። ከዚያ «ሴንሰሩም ተቀየረ፣ አልሆነም፤ እንግዲያው ካምቢዮው ነው» እንላለን። የእናታችን ዕቁብ ተበልቶ ያገለገለ ካምቢዮ ይገባል። ይህን ሳስብ ጉልበቴ ዛለ።

«እና ጋሼ፣ ኮምፒውተሩም ደህና፣ ሽቦውም ደህና፣ ሴንሰሩም ደህና ከሆነ ማን ነው ጥፋተኛው?» አለ ወንድሜ።

ሁለቱን የሶኬት ክፍሎች ወደ ብርሃን አዙረው አሳዩን። የአንዷ ፒን ጫፍ አረንጓዴ ሆኗል። እንደ ድሮ የመዳብ ሳንቲም ዝጎ ነው። ውኃ እንዳይገባ የሚከላከለው ጎማም ተቀዷል።

«የእኔ ቴስተር ጫፉ ሹል ነው፤ ዝገቱን ቧጦ ያልፋል። ለዚህ ነው ሲለያዩ ሁለቱም ደህና የሚመስሉት። ሲገናኙ ግን በመካከላቸው ዝገት አለ፤ አይነካኩም። መኪናዋን በቅርቡ ሞተሯን አሳጥባችኋል?»

ወንድሜ አንገቱን ደፋ። ወደ አዳማ ከመሄዱ ከሦስት ቀን በፊት ላቫጆ ወስዷት ነበር። «ሞተሩንም እጠቡልኝ» ያለው ራሱ ነው። በከፍተኛ ግፊት ውኃ።

«ዝገቱ የሦስት ቀን አይደለም» አሉ እሳቸው። «ጎማው የተቀደደው ቀደም ብሎ ነው፤ ውኃው ሥራውን ጨረሰው እንጂ።»

ፒኗን አጸዱ፤ የላላውን መያዣዋን በቀጭን መርፌ አጠበቁ፤ የሶኬቱን ጎማ ቀየሩ፤ መልሰው ሰኩት። ስልኬን አየሁ። 26 ዲግሪ። በሕይወቴ ቁጥር አይቼ እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም። ኮዱን አጠፋን፤ ነድተን ወጣን። ቁጥሩ 30፣ 45፣ 60 እያለ ቀስ በቀስ ወጣ። ቀለበት መንገዱ ላይ አራተኛዋ ማርሽ ለስለስ ብላ ገባች። ወንድሜ ምንም አላለም፤ ሬዲዮውን ከፈተ።

እናንተስ በስልካችሁ ምን ማድረግ ትችላላችሁ?

አውቶማቲክ መኪና ያለው ሰው በየቤቱ አለ። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከወሰነ ወዲህ ደግሞ ያሉት መኪኖች ረጅም ዕድሜ እንዲኖሩ የሚፈልገው ሰው ብዙ ነው። ስለዚህ ይህን ያዙልኝ።

አንደኛ፣ ኮድ ከመጥፋቱ በፊት ስክሪን ሾት አንሡ። ኮድ ሲመዘገብ ኮምፒውተሩ የዚያን ቅጽበት ሁኔታ አብሮ ያስቀምጣል፤ ፍጥነቱን፣ የሞተሩን ዙር፣ የሞተሩን ሙቀት። ኮዱን ስታጠፉት ይህም አብሮ ይጠፋል። ኮድ ማጥፋት ጥገና አይደለም፤ ማስረጃ ማጥፋት ነው።

ሁለተኛ፣ የጠዋቱን ፈተና አድርጉ። መኪናው ካደረ በኋላ ሞተር ሳታስነሡ ሦስቱን ሙቀቶች አነጻጽሩ። ተቀራራቢ ከሆኑ ሴንሰሩ ቢያንስ ሲቀዘቅዝ እውነቱን ይናገራል። ከዜሮ በታች 40 ከሆነ የተቆረጠ መስመር ፈልጉ። 150 ከሆነ የተነካካ መስመር ፈልጉ። ሌላ የማይሆን ቁጥር ከሆነ፣ ለምሳሌ ሌሎቹ 13 ሲሉ እሱ 50 ቢል፣ ያኔ ሴንሰሩን ራሱን መጠርጠር ይቻላል።

ሦስተኛ፣ ነድታችሁ ቁጥሩን ሌላ ሰው ያንብብላችሁ። እየነዱ ስልክ ማየት የለም! ጤነኛ ንባብ ቀስ እያለ ይወጣል፤ ሲሞቅም በአብዛኛው ከ80 እስከ 100 ዲግሪ አካባቢ ይረጋል። ከ14 ወደ 150 በአንድ ሰከንድ የሚዘል ዘይት የለም፤ የሚዘለው ኤሌክትሪክ ነው።

ግን ደግሞ ተጠንቀቁ። ሴንሰር ሁሉ ውሸታም አይደለም። ወደ እንጦጦ ስትወጡ ቁጥሩ ቀስ በቀስ ከፍ ብሎ 120ን ካለፈ፣ ስትቆሙ ደግሞ ቀስ ብሎ ከወረደ ይህ እውነተኛ ሙቀት ነው። ዘይቱ ከጠቆረ ወይም የተቃጠለ ከሸተተማ ምንም ጥርጥር የለውም። ያኔ ሴንሰሩን አትውቀሱ፤ አመስግኑት፤ መኪናውን አቁሙና የዘይቱን መጠንና ማቀዝቀዣውን አሳዩ።

አራተኛ፣ ሶኬት ነቅሎ በሽቦ ማገናኘቱን ለባለሙያ ተዉት። በዚያው ሶኬት ውስጥ ካምቢዮውን የሚያዝዙ ሌሎች ሽቦዎች አሉ፤ የተሳሳቱ ፒኖችን ማገናኘት ኮምፒውተሩን ሊያቃጥል ይችላል። መኪና ሥር መግባት ካለባችሁም በክሪክ ብቻ ተማምናችሁ እንዳትገቡ።

አምስተኛ፣ መሣሪያዋን ስትገዙ ሁለት ነገር እዩ። ብዙዎቹ ርካሽ መሣሪያዎች ከአንድሮይድ ጋር በብሉቱዝ ይሠራሉ፤ አይፎን ያላችሁ ግን በዋይፋይ ወይም አይፎን በሚቀበለው የብሉቱዝ ዓይነት የሚሠራውን ምረጡ። የካምቢዮ ዘይት ሙቀት ደግሞ ለሁሉም መኪኖች የጋራ በሆነው ዝርዝር ውስጥ የለም፤ እያንዳንዱ አምራች በራሱ መንገድ ነው የሚያስተላልፈው። ስለዚህ የመኪናችሁን ሥሪት ለይቶ የሚጠይቅ አፕ ተጠቀሙ። አፑ ቁጥሩን ካላሳየ ሴንሰሩ የለም ወይም ተበላሽቷል ማለት አይደለም።

በመጨረሻም፣ ለካምቢዮ የሚሆን ገንዘብ ከመቁጠራችሁ በፊት ጋራዡን አንድ ጥያቄ ጠይቁ፤ «ሴንሰሩን በቴስተር ለካችሁት? ስንት ኦም አለ?» ቁጥር ካልተነገራችሁ ገና ምርመራ አልተደረገም። ዕቃ ስትገዙም እንዲሁ፤ ሱቁ ውስጥ ሳለ ይለካ። ቴስተር ያላት ልጅ ወይም ያለው ልጅ በየሰፈሩ አይጠፋም።

ለኤሌትሪሺያኑ የከፈልነው የአንድ ጠዋት የእጅ ዋጋና የአንዲት ጎማ ዋጋ ነው። ወንድሜ ሞተር ማሳጠብ አቁሟል፤ አሁን በጨርቅ ይጠርገዋል። የገዛሁት ሴንሰር ጠረጴዛዬ ላይ አለ፤ ባለሱቁ አልመልስም አለኝ፣ እኔም ብዙ አልተከራከርኩም። አፕ ከፍቼ የሆነ ነገር «አወቅኩ» ልል ስል አየዋለሁ።

ዕቁቡም ደረሰ። ባለፈው እሑድ ቆርቆሮ ሲመታ ውለን እናታችን ቡና አፈላች። «እና ያ ሁሉ ጭንቀት ምን ሆኖ ነው?» አለች።

ወንድሜ የስፒል ጫፍ የምታህለውን ፒን በጣቶቹ አሳያት። እሷም አየችን፣ ጣራውን አየች፣ ሁለተኛውን ቡና ቀዳች።